ባሕሩ ወደ ደጃችን ሲቀርብ እኛ የት ነን?



ባለፈው ክረምት በጋን ያቭኔ በአንድ የለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ወሬው ከሟች ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡም ወደ ባሕሩ ዞረ። ከአሽቀሎን የመጣ አንድ ወጣት፣ በልጅነቱ ኳስ ይጫወትበት የነበረው የባሕር ዳር አሸዋ እየጠበበ መሄዱን፣ ከገደሉ ሥር መቀመጥን የሚከለክል ሰሌዳም መተከሉን ነገረን። ይህን የሰሙ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ባሕር ያለው የባሕሩን ያስብ፤ ለእኛስ የቤት ዕዳውና የልጆቹ ነገር ይበቃናል» አሉት። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ሽማግሌን በሰው ፊት መመለስ ነውር ስለሆነ ያን ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን መልሴን ከአክብሮት ጋር በዚህ ገጽ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። የዓለም ሳይንቲስቶች በ2021 ባወጡት ታላቅ የአየር ንብረት ሪፖርት መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ይህም አንድ ስንዝር ማለት ነው። አንድ ስንዝር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዷል። ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ባሕሩ በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ መጠን ከፍ ሲል ነበር። ይኸው ሪፖርት እንደሚለው፣ የዓለም መንግሥታት ጭሱን በብርቱ ከቀነሱ በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ባሕሩ ከ28 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር፣ ካልቀነሱና ጭሱ እጅግ ከበዛ ደግሞ ከ63 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ይህን ድስት የጣደች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ሁለተኛው፣ በተራሮችና በምድር ዋልታዎች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተከማችቶ የነበረው በረዶ እየቀለጠ ወደ ባሕር መግባቱ ነው። ለሁለቱም መነሻው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ጭስ ምድሪቱን ማሞቁ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ባሕር ዳር እንምጣ። የእስራኤል የሜዲትራንያን ዳርቻ በአብዛኛው አሸዋና «ኩርካር» የሚባለው በቀላሉ የሚፈረፈር የአሸዋ ድንጋይ ገደል ነው። ባሕሩ በማዕበል ጊዜ የገደሉን ሥር ይቦረቡረዋል፤ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከላይ ያርሰዋል፤ ከዚያም ገደሉ ይናዳል። የተናደ ገደል ተመልሶ አይቆምም። በዚያ ላይ ባሕሩ ከፍ ባለ መጠን ማዕበሉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይደርሳል። ዝቅ ያለ አሸዋማ ዳርቻ ሲሆን ባሕሩ በትንሽ ከፍ ሲል ወደ ጎን የሚወስደው መሬት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሩቅ እንደሚሄድ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ስለዚህ አሸዋ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በእስራኤል ዳርቻ ያለውን አሸዋ ያመጣው የዓባይ ወንዝ ነው። ዓባይ ወደ ሜዲትራንያን ያፈሰሰውን የባሕሩ ሞገድ በሲና ዳርቻ በኩል እየገፋ እስከ ሃይፋ ድረስ ሲያደርሰው ኖሯል። ዓባይ ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው ደግሞ በዓባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚታጠብ ነው። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ፣ ግንዱን ብቻ ሳይሆን የጎንደርን አፈር ጭምር ይዞ ወደዚህ አካባቢ እየመጣ ነበር። የአገራችን አፈር ከእኛ አስቀድሞ ዓሊያ አድርጓል ብል ቀልድ ብቻ አይደለም።

ይህ አሸዋ ዛሬ እንደ ድሮው አይመጣም። የግብፅ የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። እዚህ አገርም ቢሆን ለግንባታ ሲባል ብዙ አሸዋ ከባሕር ዳር ተዝቋል። ወደቦችና ወደ ባሕር የተዘረጉ የድንጋይ ግንቦችም የአሸዋውን ጉዞ በየቦታው አቋርጠውታል። ስለዚህ ዳርቻው ከሁለት ወገን ተይዟል፤ ባሕሩ ከፍ ይላል፣ ይጠብቀው የነበረው አሸዋ ደግሞ ያንሳል።

«ታዲያ ይህ ከእኛ ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እስቲ የምንኖርባቸውን ከተሞች እንቁጠራቸው። ነታንያ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን፤ እነዚህ ሦስቱ ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባቸውና ከባሕሩ አፍ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። እኛ የጋን ያቭኔ፣ የያቭኔ፣ የገደራና የቂርያት መላኺ ሰዎች ባሕሩን ከመስኮታችን አናየውም፤ ነገር ግን ልጆቻችን በአሽዶድ ወደብና ፋብሪካ ይሠራሉ፤ እህቶቻችንና አክስቶቻችን እዚያ ይኖራሉ። የምንጠጣው ውሃም ከፍተኛው ድርሻ ዛሬ የሚመጣው ከባሕር ነው። ጨዉ እየወጣለት ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ የሚዘጋጅባቸው ፋብሪካዎች በአሽቀሎን በ2005፣ በፓልማኺም በ2007፣ በሶሬቅ በ2013፣ በአሽዶድም በ2015 ሥራ የጀመሩ ሲሆን ሁሉም በባሕር ዳር የቆሙ ናቸው። ከእግራችን በታች ያለው የባሕር ዳር የከርሰ ምድር ውሃም ባሕሩ ከፍ ሲል ጨው ይበልጥ ሊገባበት ይችላል። ባሕሩ ሩቅ ነው የምንል ሰዎች ቧንቧችንን ስንከፍት ባሕሩን እየጠጣን ነው።

ወንዞቹንም እናስብ። የሶሬቅ ወንዝ በያቭኔ አጠገብ አልፎ በፓልማኺም ወደ ባሕር ይገባል፤ የላኺሽ ወንዝ ደግሞ በአሽዶድ። በጋ ላይ ስናያቸው ወንዝ ለማለት ያስቸግራሉ፤ በክረምት ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ግን ሌላ ናቸው። ባሕሩ በማዕበል ከፍ ባለ ቀን ወንዙም ሆነ የከተማው የጎርፍ ቦይ እንደ ልቡ ወደ ባሕር ሊወጣ አይችልም። በር ላይ ብዙ ሰው ሲጋፋ ከውስጥ ያለው እንደማይወጣ ሁሉ ውሃውም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚመለሰውም ወደ ኮረብታው ቪላ አይደለም፤ ዝቅ ወዳለው ሰፈር ነው።

ይህን ከወሬ ሳይሆን ከቤተሰቤ አውቀዋለሁ። ከባሕር ዳር ከተሞች በአንዲቱ፣ በአሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት የምትኖር አክስት አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ጧት ደውላ «ልጄ፣ ውሃው በበሩ ሥር እየገባ ነው» አለችኝ። ስደርስ አልጋዋ፣ ምንጣፏ፣ ከአገር ቤት ያመጣችው መሶብ ሳይቀር በጭቃ ውሃ ውስጥ ነበር። በደረጃው ግድግዳ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ የምድር ቤት ነዋሪዎች ዕቃቸውን ከፍ እንዲያደርጉ፣ የመብራት መስመርም እንዲጠነቀቁ የሚል ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። «አላየሽውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ መለጠፉንስ አየሁ፤ የሚለውን ግን ማን ይንገረኝ? ስለ ደረጃ መጥረጊያ ክፍያ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ማስጠንቀቂያው በበሯ ላይ ቆሞ ነበር፤ እርሷ ዘንድ ግን አልደረሰም።

እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ጎርፍ ያመጣው ዝናቡና የተደፈነው ቦይ ነው፤ ባሕሩ ነው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር እንዲህ ያለው ቀን እየበዛ ይሄዳል። በጥር 2020 የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በቴል አቪቭ ሃቲቅቫ ሰፈር ሁለት ወጣቶች በምድር ቤት መኪና ማቆሚያ በአሳንሰር ውስጥ ውሃ ሞልቶባቸው ሞቱ። በዚያው ሳምንት ናሃሪያ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ሃቲቅቫ የሀብታም ሰፈር አይደለም። ውሃ አድልዎ አያውቅም ይባላል፤ ቦይ የሚቆፍረውና የማይቆፍረው ሰው ግን ያውቃል።

እዚህ ላይ የጽሑፌ ዋና ነጥብ ይመጣል። ወደዚህ አገር ስንገባ የት እንደምንኖር የመረጥነው በአብዛኛው እኛ አይደለንም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲመጡ መጠለያቸው ሆቴልና መርካዝ ቅሊታ፣ ቀጥሎም ካራቫን ሆነ። ከ1993 ጀምሮ በተሰጠው ልዩ የቤት ብድር ብዙዎቻችን ከካራቫን ወጥተን ቤት ገዛን፤ ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ብድሩ የሚበቃው በየትኛው ሰፈር ላለ ቤት ነበር? በአሮጌው፣ ሌላው ሰው ጥሎት በሚሄደው ሰፈር ላለው። በጥር 2012 በቂርያት መላኺ ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም የተባለበት ነገር በወጣ ጊዜ ወጣቶቻችን አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። ያን ጊዜ የጮኽነው ስለ ክብራችን ነው። ቤቱን የትም መምረጥ ያልቻለ ሰው ግን አደጋውንም መምረጥ አይችልም። የቤት ጉዳይና የጎርፍ ጉዳይ አንድ ጉዳይ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

መንግሥትስ ምን አድርጓል? ምንም አልሠራም ብንል ሐሰት ይሆናል። በ2004 የባሕር ዳር አካባቢን የሚጠብቅ ሕግ ወጥቶ ዳርቻው የሕዝብ መሆኑን አጽንቷል። ገደሎቹን ከመናድ ለመከላከል ልዩ የመንግሥት ኩባንያ ተቋቁሞ በአሽቀሎንና በነታንያ ጭምር እንዲሠራ ተደርጓል። በ2018 ደግሞ መንግሥት አገሪቱ ለአየር ንብረት ለውጥ እንድትዘጋጅ ውሳኔ አሳልፏል። ሆኖም የመንግሥት ተቆጣጣሪው በጥቅምት 2021 ባወጣው ሪፖርት አብዛኞቹ የመንግሥት አካላት ለዚህ አደጋ የተዘጋጀ ዕቅድ እንደሌላቸው በግልጽ ነቅፏል።

ከዕቅዱ ጋር የገንዘቡም ጥያቄ አለ። ባሕርን የመከላከያ መንገዱ ብዙ ነው። ግንብ መሥራት ይቻላል፤ በባሕር ውስጥ ማዕበል የሚሰብር ድንጋይ መደርደር ይቻላል፤ አሸዋ አምጥቶ ዳርቻውን መሙላት ይቻላል፤ የጎርፍ ቦዮችን ማስፋት ይቻላል፤ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መሥራትም ይቻላል። እያንዳንዱ መንገድ አንዱን ይጠቅማል፣ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ ማዕበል የሚሰብረው ድንጋይ አሸዋውን በአንዱ ሰፈር ፊት ሲይዘው በሚቀጥለው ዳርቻ አሸዋ ያጥራል። ስለዚህ ዕቅዱ በሚነደፍበት ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጧል የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ከገደሉ ጫፍ ላይ ሆቴል ወይም ውድ አፓርታማ ያለው ሰው ጠበቃ ይዞ ይመጣል። በምድር ቤት የምትኖረው አክስቴ ግን ስብሰባ መኖሩንም አትሰማም።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው አለ። በባንግላዴሽ በ1970 የመጣው የባሕር ማዕበል በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ገደለ። ከዚያ በኋላ ያ ድሃ አገር ምን አደረገ? ከፍ ያሉ መጠለያዎችን ሠራ፤ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ። እነርሱም ማዕበል ሊመጣ ሲል በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ሕዝቡን በራሱ ቋንቋ ያስጠነቅቃሉ። ዛሬም ብርቱ ማዕበል ይመጣል፤ የሚሞተው ሰው ግን ከድሮው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአሜሪካ ግን፣ ያ ሁሉ ሀብት እያለ፣ በ2005 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ግድቦቹ ሲፈርሱ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ፤ መኪና የሌላቸው ድሆችም መውጫ አጥተው ቀሩ። በፊጂ ደሴቶች ቩኒዶጎሎአ የተባለች መንደር ባሕሩ ቢያስቸግራት በ2014 ሕዝቧ ተሰብስቦ ወደ ከፍተኛ ቦታ ተዛወረ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይለያይ። እኛ በየከተማው ተበትነን የሰፈርን ሰዎች የዚህን ዋጋ እናውቃለን።

«አንገብጋቢ ችግራችን ሌላ ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። የፖሊስ ጭካኔ አለ፤ የትምህርት ጉዳይ አለ፤ በኢትዮጵያ ቀርተው የሚጠባበቁ ዘመዶች አሉ። እውነት ነው፤ እኔም ከእነዚህ አንዱ ይተው አልልም። ነገር ግን በእስካሁኑ ኑሯችን ያየነው አንድ ነገር አለ፤ ነገሩ በሌሎች ተወስኖ ካለቀ በኋላ እየደረስን በተዘጋ በር ላይ እንጮኻለን። ይህ ጉዳይ ግን ገና እየተወሰነ ነው። በጀቱ በየዓመቱ ይመደባል፤ ካርታው በየከተማው ይሣላል። አንድ ጊዜ እንኳ አስቀድመን ብንገኝ ምን አለበት?

ደግሞስ እኛ ስለ ውሃ የማናውቅ ሰዎች ነን? በአገር ቤት መንደሮቻችን ለመንጻት ሲባል ወንዝ አጠገብ ይሠሩ ነበር፤ ሆኖም አባቶቻችን ጎጆውን የሚቀልሱት ክረምት ሲመጣ ወንዙ የማይደርስበትን ቦታ ለይተው ነው። ክረምት ሳይገባ በጎጆው ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ ሰነፍ ሰው ያልቆፈረው ቦይ ጎረቤቱን ጭምር እንደሚያሰጥም ስለሚታወቅ ሥራው በደቦ ይሠራ ነበር። በገደራ በሻፒራ ሰፈር አረጋውያን ከወጣቶች ጋር የጓሮ አትክልት ሲያለሙ ያየ ሰው፣ ይህ እውቀት እንዳልሞተ ይረዳል። የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ጥያቄያችን የሚከተለው ይሁን።

አንደኛ፣ የጎርፍና የማዕበል ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በትግርኛ በሰዓቱ ይድረስ፤ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በድምፅ፣ ማንበብ ለማይችሉት በስልክና በሰው ጭምር።

ሁለተኛ፣ ከክረምት በፊት የጎርፍ ቦዮች ሲጸዱ ከሰፈራችን ይጀመር እንጂ ሰፈራችን መጨረሻ አይሁን። የተጸዳበትም ቀን ለነዋሪው ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ በምድር ቤት የሚኖሩ አረጋውያንና አካለ ስንኩላን ተመዝግበው፣ ቤታቸው ይጠገንላቸው፤ መጠገን የማይቻል ከሆነም በዚያው ሰፈር፣ ከዘመድ ሳይርቁ፣ ከፍ ያለ ቤት ይሰጣቸው።

አራተኛ፣ ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጎርፍ በሚወስኑ የዒሪያ ኮሚቴዎች ውስጥ የእኛ ሰው ይቀመጥ፤ ለፎቶግራፍ ሳይሆን ለመናገር።

ከራሳችን ደግሞ የሚጠበቅ አለ። ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱ ቤተሰብ በባሕር ዳር ከተማ ያለውን ሽማግሌ ዘመዱን ይጎብኝ፤ ቤቱ ምድር ቤት ከሆነ ወረቀቶቹንና መድኃኒቱን ከፍ አድርጎ ያስቀምጥለት፤ የተደፈነ ቦይ ካየ ወደ ዒሪያው 106 ደውሎ የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዝ። በቤት ብድር ምክንያት የገባነው መድን ብዙ ጊዜ ግንቡን እንጂ የውስጡን ዕቃ አይሸፍንምና፣ ውሉን ዕብራይስጥ በሚያውቅ ልጅ እናስነብብ። ልጆቻችን በበጋ ባሕር ሲሄዱ ከገደል ሥር እንዳይቀመጡ እንንገራቸው። ቄሶቻችንና የየሰፈሩ ኮሚቴዎችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ አንድ አጀንዳ እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ።

ለእኚያ የለቅሶ ቤት ሽማግሌ መልሴ ይህ ነው። አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት የደጋ ሰዎች ነን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ከሱዳን ዳርቻ በሌሊት በጀልባ ሲጫኑ ነበር፤ ባሕሩ ያን ጊዜ መንገድ ሆነልን። ዛሬ ግን ጎረቤታችን ነው። ጎረቤት ሲገፋ ደግሞ የደጋ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ እርስዎ ራስዎ ያስተማሩን ነው፤ ወሰኑን ያያል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ቦዩን ይቆፍራል፤ ብቻውን ሳይሆን በደቦ።

አክስቴ አሁንም በዚያው ምድር ቤት ትኖራለች። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ እሑድ ሄጄ መሶቡን ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅየዋለሁ። በደረጃው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ አነበብኩላት። በዚህ ጊዜ እውነትም የደረጃ መጥረጊያ ክፍያ ነበር።